የተረት ካርቶን

ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይልና መውቀሱን ይቀጥላል። እኔ እንደዚያ አላድበሰብስም። ያድርገኝ! አጎቴን አንሙትን በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት ቆሜ ልወቅሰው ይገባኝ ነበር። አላደረግሁትም። አሁን ሞቷል፤ እኔም መናገር አላቆምም። በልጅነቴ አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን እሱ እያልኩ ነው የማወራው፤ ለእሱ የሚተርፍ አንቱታ የለኝም።

የሞተ ዕለት ድረስ የሚባለው ልጁ ደወለልኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አራተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። የዕረፍት ሰዓት ነበር፤ እጄ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ።

«አባዬ ዐረፈ» አለኝ።

«ነፍስ ይማር» አልኩ። የአፍ ልማድ ነው።

«ነገ በስድስት ሰዓት ሥርዓተ ቀብሩ ይፈጸማል። የሕይወት ታሪኩን አንቺ ታነቢልናለሽ። ከወንድሙ ልጅ አፍ ሲሰማ ያምራል። ደግሞም መምህር ነሽ፤ አፍሽ አይያዝም።»

አፍሽ አይያዝም! ይሄን ሲለኝ ሳቄ መጣ፤ ሳቅ ግን አልነበረም። «ማን ጻፈው?» አልኩት።

«ተጽፎ አልቋል። ያንቺ ሥራ ማንበብ ብቻ ነው።»

እሺ አልኩት። ለምን እሺ እንዳልኩት እንዲገባችሁ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ጊዜ ልመልሳችሁ።

አገራችን ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ሽቅብ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባቴ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ሞተ፤ እኔና እናቴ አሰገደች ብቻችንን ቀረን። ሦስት ጥማድ መሬት ነበረን። ሁለቱ ክረምት ጠብቀው ገብስ የሚያበቅሉ ናቸው። ሦስተኛዋ ግን ምንጭ ነበረባት። በጋ ከክረምት ድንች ይተከልባታል፤ ዳር ዳሯ ሣር ነው፤ ላማችን ነጪት እዚያ ትውላለች። ያቺ ማሳ ባትኖር እኔና እናቴ እንደማንኖር ልጅ ሆኜም አውቅ ነበር። እናቴ ምንጯን ስትሻገር «አንቺ ነሽ ባሌ» ትላት ነበር።

ከዚያች ማሳ ቀጥሎ ያለው የአጎቴ የአንሙት መሬት ነው። መሀላቸው የተኛ ጥጃ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል። እሱ ነው ወሰኑ። አያቴ ለሁለቱ ልጆቹ መሬቱን ሲያካፍል ያስቀመጠው ነው ይባላል።

አጎቴን እንዴት እወደው እንደነበር! የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ወደ ቤታችን እየመጣ ተረት የሚነግረኝ እሱ ነበር። አያ ጅቦን ሲያወራ ድምፁ ይጎረናል፤ ጦጣን ሲያወራ ይቀጥናል፤ እኔ በሳቅ ፍርፍር እላለሁ። አንድ ሕግ ግን ነበረው። ተረት በቀን አይወራም። በቀን ያወራ ሰው ላሙ ይጠፋል። ይሄ የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ በአገራችን ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ሥራ ፈትተን ስንተርት እንዳንውል ያወጡት ይመስለኛል። እኔ ግን ከልቤ አምን ነበር። ያለችን ነጪት ብቻ ናት፤ እንዴት አላምን?

በ1996 ዓ.ም.፣ መጋቢት ሃያ አንድ፣ ማርያም ነበረች። እናቴ ገና ጎህ ሲቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ውኃ ልቀዳ ጀሪካኔን ይዤ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ጉም ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ብረት ድንጋይ ሲመታ ነው፤ ቀጥሎ ትንፋሽ። ጠጋ ስል አጎቴ ነው። ያንን እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ የተጠመጠመበት ዲጅኖውን ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ሰክቶ ይፈነቅላል። ድንጋዩ ዞረ፤ አንዴ ተንከባለለ፤ ደገመ። የነበረበት ቦታ ክብ ጉድጓድ ሆኖ ቀረ፤ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ትል ይርመሰመስበታል። አዲስ የተገለበጠ አፈር ሸተተኝ።

«አያ አንሙት፣ ምን እየሠሩ ነው?» አልኩት።

ክው አለ። ዲጅኖው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። ዙሪያውን አየ፤ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ከዚያ ሳቀ፤ ድምፁንም አጎረነነው።

«አንሙት? የምን አንሙት? እኔ አያ ጅቦ ነኝ!»

ጀሪካኔን ጥዬ ሳቅሁ።

«ተረት ውስጥ ገባሽ እኮ አንቺ ልጅ» አለኝ በራሱ ድምፅ፣ ቁጢጥ ብሎ። «ይሄ አሁን የምታዪው ተረት ነው። ተረት በቀን ካወሩት ምን ይሆናል?»

«ላም ይጠፋል።»

«ጎበዝ! የማን ላም?»

«ነጪት።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለና ራሴን ዳሰሰኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ተረት ሲወራ የሰማ ልጅ ሞልቷል፤ ተረት ሲሆን ያየ ማን አለ? ውኃዬን ቀድቼ እያንጎራጎርኩ ወጣሁ። ዘወር ስል ጉድጓዱን በአፈርና በሣር እየደፈነ ነበር። ድንጋዩ ወደኛ ማሳ አሥራ አምስት ርምጃ ገብቶ ተቀምጧል። ምንጩ በወዲያ በኩል ቀርቷል። እኔ ያየሁት ግን አያ ጅቦን ነው።

ከሳምንት በኋላ እናቴን ማሳው መሀል ቆማ አገኘኋት። በርምጃ ትለካለች፤ ትመለሳለች፤ ደግማ ትለካለች። «ዓይኔ ነው ወይስ መሬቱ ነው?» ትላለች ለራሷ። ጎረቤቶች ዘንድ ሄደች። ሁሉም መሬት መሬት እያዩ «እኛ ምን እናውቃለን አሰገደች» አሏት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ማለት ይሄ ነው። መበለት ናት፤ ወንድም የላት፤ ማን ይፈራታል? አንሙት ደግሞ ቂም የሚያውቅ ሰው ነው።

ያን ወር ለምን እንደመረጠ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የመሬት ኮሚቴ በየጎጡ እየዞረ በገመድ እየለካ ይመዘግብ ነበር። አንዴ ተመዝግቦ ደብተር የወጣለት ወሰን ማንም አይነቀንቀውም ተብሏል። ግንቦት ላይ ወደኛ ይመጣሉ። አጎቴ ቀኑን አስልቶ፣ የማርያምን ዕለት ጠብቆ፣ እናቴ ታቦት ልትሳለም ስትሄድለት ነው የነቀለው።

«ታዲያ አንቺ እናትሽ ስትጨነቅ እያየሽ ምን አሰብሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ምንም። ያ ተረት ነው፤ ይሄ ችግር ነው። ሁለቱ ይገናኛሉ ብሎ ማን ነገረኝ?

በዚያው ሰሞን አስተማሪያችን ዘመነ ካርቶኖቹን ይዞ መጣ። ከደብረ ኤልያስ የመጣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነበር፤ የመጀመሪያ ምድቡ ነው። አራት ባዶ ካርቶን ከሱቅ ለምኖ፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ የፓስታ፣ ሁለቱ የብስኩት፣ ሰሌዳው ሥር ደረደራቸው። በከሰል ጻፈባቸው። ተረት። ታሪክ። ግጥም። ደብዳቤ።

አንድ ነገር ያነብና «ይሄ የት ይገባል?» ይለናል። እኛ ተንጋግተን ወደ ካርቶኑ እንሮጣለን። ቀድሞ ትክክለኛው ካርቶን ላይ የደረሰ ይጨበጨብለታል። ከዚያ በፊት ትምህርት እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ሳሙና ሳሙና የሚሸተው የተረት ካርቶን የኔ ነበር፤ ማንም አይቀድመኝም።

«ተረት በምን ይታወቃል?» ይላል መምህር።

«ተረት ተረት ብሎ ይጀምራል! የላም በረት ይባላል! እንስሳት ይናገራሉ! ቀንና አገር አይጠቀስም!» እንላለን በአንድ አፍ።

«ታሪክስ?»

«በእውነት የሆነ ነው! ቀኑ ይታወቃል! ቦታው ይታወቃል! ያየ ሰው አለው!»

አንድ ቀን ከአራቱ የወደድነውን ራሳችን ጽፈን እንድናመጣ አዘዘን። እጄን አወጣሁ።

«መምህር፣ ተረት በቀን ይጻፋል?»

ሳቀ። «መጻፍና ማውራት ይለያያል። ቢጻፍ ምንም አይልም።»

እፎይ! ያን ሁሉ ጊዜ ሆዴ ውስጥ የሚንፈራገጠውን ነገር ነጪትን ሳላጠፋ የማወጣበት መንገድ አገኘሁ። ደብተሬን ዘርግቼ ጻፍኩ። ሕጉን አከበርኩ። ቀን አልጻፍኩም፤ አገር አልጻፍኩም። አጎቴን አያ ጅቦ አልኩት፤ ራሱም ብሏላ! ወረቀቱን ገንጥዬ የተረቱ ካርቶን ውስጥ ከተትኩ። መምህር ከሃምሳ ልጅ ወረቀት ጋር አርሞ «ጥሩ ተረት! 10/10» ብሎ በቀይ ጻፈበት።

የገባው ካረመው በኋላ ነው። በማግስቱ ለብቻዬ ጠራኝ።

«ትሕትና፣ ይሄን ከማን ሰማሽው?»

«አልሰማሁትም። አየሁት።»

«ተረት እኮ አይታይም» አለኝ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ያየሽው ከሆነ ይሄ እዚያኛው ካርቶን ነበር የሚገባው።» ወደ ታሪክ ጠቆመ።

ራሴን ነቀነቅሁ። «አያ ጅቦ አለበታ!»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እኔ ካርቶን የተሳሳትኩ መስሎኝ አለቀስኩ።

የዚያን ቀን ከሰዓት ቤታችን መጣ። እናቴ ማንበብ አታውቅም፤ አነበበላት። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። እናቴ በሁለት እጇ አፏን ይዛ «እግዜር ይስጥህ፣ እግዜር ይስጥህ» ስትል ሰማሁ። መምህር ደግሞ «ማስረጃ ነው» አለ። ደጋግሞ አለው። ማስረጃ የሚባል ካርቶን ክፍላችን ውስጥ አልነበረም። አምስተኛ ካርቶን ሊያመጣ ነው አልኩ በልቤ።

እናቴ ጠራችኝ። «ልጄ፣ ይሄን በዓይንሽ አየሽ?»

በበሩ ቀዳዳ ፀሐይ ይገባል። ቀን ነው። «ተረት ነው እምዬ» አልኩ።

«አይዞሽ፤ አትፍሪው። ኮሚቴው ሲመጣ እውነቱን ትናገሪያለሽ።»

«እሺ» አልኩ። የተማርነውን ሊጠይቁን የሚመጡ መስሎኝ እስከዚያ ቀን ድረስ ሳጠና ሰነበትኩ።

ግንቦት ላይ መጡ። ምንጩ አጠገብ ካለው ብሳና ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው ቄስ ወልደ ሰንበት ናቸው፤ ጸሐፊው ደመላሽ የሚባል ሰው ነው። ገመዱ እንደ እባብ ተጠቅልሎ እግራቸው ሥር ተቀምጧል። መንደርተኛው ከቧል። አጎቴ ኮት ለብሷል። እናቴ ተናገረች፤ ድምጿ እየተቆራረጠ። ከዚያ መምህር ወረቀቴን ሰጣቸው፤ ደመላሽም ጮክ ብሎ አነበበው።

«ተረት ተረት። የላም በረት። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ላም ባሏ ሞቶባት ከጥጃዋ ጋር ትኖር ነበር። ጎረቤቷ አያ ጅቦ ነበር። ላሚቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ...»

ሰዉ ሳቀ። «ላም ታቦት ልትሳለም!» አለ አንዱ።

«...አያ ጅቦ ቀይ ጨርቅ በተጠመጠመበት ዲጅኖ ድንጋዩን ነቅሎ ወደ ላሚቱ ሣር አንከባለለው። ምንጩም የጅቦ ሆነ። ጥጃዋ አየችው። ግን ቀን ስለነበረ አልተናገረችም።»

ሳቁ ቀነሰ። አንዳንዱ ሰው አጎቴን ላለማየት የራሱን እግር ጣት አየ። የሚያውቁ ነበሩ። ይሄን የምለው ከግምት አይደለም፤ ፊታቸው አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ያኔ ግን ተረቴ ያሳዘናቸው መስሎኝ ኮራሁ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አሰገደች፣ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ይሄን ይዘን ምን እንፈርዳለን?»

«ኧረ የለም አባ!» አለ አጎቴ ብድግ ብሎ። «ልጅ አይዋሽም። እሷው ትናገር። የኔም ልጅ እኮ ናት።»

የሱ ልጅ! ያቺን ቃል ሳስታውስ ዛሬም ደሜ ይፈላል። መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ፤ እንደዚያ ዕለት። ቆሎ ቆሎ ይሸታል። «እስኪ ንገሪን የኔ እመቤት። ይሄ የጻፍሽው ምንድን ነው?»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እጆቼን እንደ ክፍል ወደ ኋላ አጣመርኩ።

«ተረት ነው።»

«በምን ይታወቃል?»

«ተረት ተረት ብሎ ይጀምራል። የላም በረት ይባላል። እንስሳት እንደ ሰው ይሆናሉ። ቀኑና አገሩ አይጠቀስም።»

«አቤት ትምህርት!» አለ ከኋላ አንድ ሰው። አንዲት ሴት «እሰይ» አለች።

ቄሱ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። «እና ልጄ፣ በዓይንሽ ያየሽው አይደለም?»

የዚህ ጥያቄ መልስ ከሁሉም ቀለለኝ። መምህር ራሱ ነው ያስተማረኝ። «ተረት እኮ አይታይም» አልኩ።

«ትሕትና!» አለች እናቴ። «በማርያም! ያየሽውን በይ!»

ቀና አልኩ። ፀሐይ አናታችን ላይ ነው። ነጪት ከምንጩ ማዶ ሣሯን ትነጫለች፤ ጆሮዋን ታርገበግባለች። 

መምህር ወደ ፊት ወጣ። «አባ፣ ልጅቷ ስሙን ብቻ ቀይራ ነው እንጂ ዲጅኖው፣ ቀይ ጨርቁ፣ ላሚቱ ቤተ ክርስቲያን መሄዷ...»

«አንተ አይደለህ እንዴ ጥሩ ተረት ብለህ አሥር ከአሥር የሰጠሃት?» አለው ደመላሽ፣ ቀይዋን ጽሕፈት በጣቱ እየመታ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። መምህር ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። መዝጊያውን ረስቻለሁ! ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ አላልኩም። በዚያ ነው ያፈረብኝ አልኩ።

ገመዱ ድንጋዩ ካለበት ተዘረጋ፤ ምንጩም ለአጎቴ ተመዘገበ። አጎቴ ከኮቱ ኪስ አዲስ እስክርቢቶ አውጥቶ ሰጠኝ። «ተማሪ፣ እደጊ» ብሎ መረቀኝ። እጅ ነስቼ ተቀበልኩ። እጅ ነስቼ!

ወደ ቤት ስንወጣ እናቴ መቀነቷን ሁለቴ ፈታ አሰረችው። እኔ ከኋላ እሮጣለሁ።

«እምዬ፣ ሁሉንም መለስኩ አይደል?»

ቆመች።  «አዎ ልጄ» አለች። «ሁሉንም መለስሽ።»

በጋውን ድንች አልተከልንም። ሣሩም ስለሄደ ነጪትን የምናበላት አጣን። በኅዳር እናቴ ሮብ ገበያ ወስዳ ሸጠቻት፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በረቷ ባዶ ነበር። የት ሄደች ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። በቀን አውርቻለሁ፤ ጠፋች፤ አለቀ። መጻፍና ማውራት ይለያያል ብሎኝ ነበር መምህር፤ እኔ ግን በብሳናው ሥር በጠራራ ፀሐይ በአፌ ተናግሬዋለሁ። ላማችንን ያጠፋሁ እኔ ነኝ ብዬ ስንት ዓመት እንደኖርኩ ታውቃላችሁ? ደብረ ማርቆስ ገብተን እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ስታሳድገኝ፣ ሳሙና የበላውን ጣቷን ባየሁ ቁጥር ነጪትን ያጠፋሁ እኔ ነኝ እል ነበር። መምህር ዘመነም በዓመቱ ከአገራችን ሄደ። ተረት አስተምሮ ዘመድ አጣላ ተብሎ ተከሶ እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው። እኔ በመዝጊያው የተናደደብኝ መስሎኝ ነበር።

በእሱም አልተናደድኩም አልልም። ልጅ ነበር፤ ደፋርም ነበር፤ ግን ተናድጃለሁ። የተረትን ምልክት አስቆጠረን፤ የታሪክን ምልክት አስቆጠረን። ሰው ሁለቱን ሆን ብሎ እንደሚያቀያይር አልነገረን። እውነትን ተረት የሚያደርጋት ጅብ መጥራቱ እንዳልሆነ አልነገረን። አሁን እኔ የራሴን ተማሪዎች መጀመሪያ የምጠይቃቸው «እንዴት ይጀምራል?» ብዬ አይደለም። «ይሄን ማን ነገረህ? ተረት ነው ብትል ማን ይጠቀማል?» እላቸዋለሁ። ርዕሰ መምህሩ ከመጽሐፉ ወጣሽ ይለኛል። ይበል።

ነገሩ የተገለጠልኝ መምህራን ኮሌጅ ነው። አስተማሪያችን የተረትን ባሕርያት ዘርዝሩ ሲለን እጄን አወጣሁና ተነሣሁ። «ተረት ተረት ብሎ ይጀምራል። እንስሳት እንደ ሰው ይሆናሉ። ቀኑና አገሩ...» ከዚህ አላለፍኩም። ብሳናው፣ ገመዱ፣ ቆሎ የሚሸተው ፊት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣ። ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ። ያንኑ ዕለት እናቴ እግር ላይ ወደቅሁ፤ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጉሙን፣ አያ ጅቦን፣ ነጪትን።

«አውቄዋለሁ» አለችኝ። «ያን ዕለት ዓይንሽ ወደ ላሟ ሲሄድ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ልበልሽ? መሬቴን ያስነጠቅሽኝ አንቺ ነሽ ልበልሽ? ላሟ ትጥፋ፤ መሬቱም ይጥፋ፤ አንቺን ላጥፋ?»

ሄጄ እፋጠጠዋለሁ አልኩ። ከለከለችኝ። እኔ በሕይወት እያለሁ ከአባትሽ ወንድም ጋር አፍ ለአፍ አትገጥሚም፤ ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ትለኛለች። ስንት ቢያድር ነው? ለማን ነው የሚጠራው? አጎቴ በምንጩ ውኃ ድንች አብቅሎ፣ ሮብ ገበያ ቤት ሠርቶ፣ በወሰን ጠብ ሁሉ ሽማግሌ ሆኖ እየተጠራ ኖረ። እናቴን አከብራለሁ። ግን ይሄን ትእዛዟን ስፈጽም ኖሬ ጥርሴ አልቋል።

እንግዲህ የቀብሩ ዕለት። ከእናቴ ጋር ሄድን፤ ለቅሶ አይቀርም፤ ባትወደውም አይቀርም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ፍትሐቱ አለቀ። ድረስ በኮምፒውተር የተተየበ ወረቀትና ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል፤ አሳዘነኝ፤ እሱ ምንም አላደረገኝም። ወረቀቱን ቆሜ በዓይኔ ሮጥ ሮጥ አደረግሁት።

«የሟች ወንድሙን ባለቤትና የሙት ልጁን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆ ያሳደገ። ለመበለት ጠበቃ የነበረ። በወሰን ክርክር ሁሉ እውነትን በመመስከር አገር ያመሰገነው።»

እኔን ያሳደገ!  ጥዬው ልሄድ አሰብኩ። ከዚያ እናቴን አየኋት። የሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። ያቺ ሳሙና የበላት እጇ ጭኗ ላይ ነው። እኔ ባላነበው ሌላ ሰው ያነበዋል፤ ሰዉም ነፍስ ይማር ብሎ ይበተናል፤ ከነገ ጀምሮ ታሪክ ይሆናል። ቀን አለው፤ ቦታ አለው፤ በማኅተም ባይሆንም በመቃብር ላይ ተነቧል።

በድምፅ ማጉያው ትንፋሼ ተሰማ።

«ተረት ተረት» አልኩ።

 ድረስ ክንዴን ያዘኝ። «ምን እያልሽ ነው? ትሕትና! አብደሻል?» ከካህናቱ አንዱ ወደ እኔ ፈጠጠ። ከወንዶቹ በኩል ማጉረምረም ተነሣ። እኔ ግን ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም። ደገምኩት።

«ተረት ተረት።»

ከሴቶቹ መሀል አንድ ቀጭን ድምፅ ተነሣ። ያ ሃያ አንድ ዓመት ለእግዜር ሰጥቼዋለሁ ያለ ድምፅ ነው። እናቴ በከዘራዋ ተደግፋ ቆማለች፤ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጠች።

«የላም በረት!» አለች።

ድረስ ክንዴን ለቀቀኝ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ሲያልቅ መዝጊያውንም አልኩ። በዚያኛው ጊዜ ረስቼው ነበር።